ሜጀር ሳትወስኑ በአቅማችሁ ኮሌጅ መምረጥ፦ አሜሪካ ላሉ ተማሪዎችና ወላጆች ደረጃ በደረጃ

በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነገር አያለሁ። ልጁ 12ኛ ክፍል ደርሷል፣ ምን እንደሚያጠና ግን ገና አልወሰነም። ቤት ውስጥ አንዱ "ነርሲንግ ግባ" ይላል፣ ሌላው "ኮምፒዩተር ይሻላል" ይላል። መጨረሻ ላይ ስሙ የሚታወቅ ወይም ጓደኛ የገባበት ኮሌጅ ይመረጣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልጁ ሐሳቡን ይቀይራል። ከወሰዳቸው ክላሶች ብዙዎቹ አይቆጠሩለትም፣ ብድሩ ግን ይቆጠራል።

ሐሳብ መቀየር ጥፋት አይደለም። የፌዴራሉ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ሜጀር (ዋና የትምህርት መስክ) ከመረጡት ተማሪዎች 30 በመቶ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ቀይረዋል። የመረጡት እንዲህ ከሆኑ ገና ያልመረጠው ሊቀይር እንደሚችል ከአሁኑ ማሰብ ነው። ስለዚህ እናንተ ሁለት ጥያቄ አለባችሁ። እዚህ ኮሌጅ መግባት ስንት ያስወጣኛል? እዚህ ገብቼ ሐሳቤን ብቀይርስ ስንት ያስወጣኛል? የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም፣ ቤተሰብ የሚጎዳውም እዚያ ላይ ነው።

ዝግጅት፦ እነዚህን ሳትይዙ አትጀምሩ

ቢቻል 11ኛ ክፍል ሲያልቅ ጀምሩ። 12ኛ ላይ ከሆናችሁ ዛሬ ማታ ጀምሩ።

- ወላጆች ከሁለት ዓመት በፊት ለነበረው ገቢ ያስገቡት ታክስ። ለ2026–27 የትምህርት ዓመት የሚፈለገው የ2024 ታክስ ነው።
- የተማሪውና የወላጆች ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ግሪን ካርድ ወይም ፓስፖርት። ካርዱን ራሱን አውጡት፣ በቃል የምታውቁትን አትጻፉ።
- የሃይስኩል ትራንስክሪፕትና፣ ካለ፣ የኤፒ (ሃይስኩል ውስጥ የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ፈተና ውጤት።
- አንድ ደብተር ወይም ኤክሴል። እያንዳንዱ ኮሌጅ አንድ መስመር ይኖረዋል።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ቤት ውስጥ አውጡ

ኮሌጅ ከማየታችሁ በፊት ወላጅና ልጅ ቁጭ በሉና አንድ ቁጥር ላይ ተስማሙ፦ በዓመት ከኪሳችን ማውጣት የምንችለው ስንት ነው? "አይዞህ፣ እንደምንም እንከፍላለን" ቁጥር አይደለም። ኪራዩን ወይም የቤት ብድሩን፣ የመኪናውን፣ የእቁቡን፣ አገር ቤት የሚላከውን ቀንሱና የሚተርፈውን ጻፉ። አገር ቤት የምትልኩትን ገንዘብ የመንግሥቱ የእርዳታ ፎርም አይጠይቃችሁም። ስለዚህ ፎርሙ "ይሄን ያህል አቅም አላችሁ" ካላችሁና ከእውነተኛው አቅማችሁ ጋር ሰፊ ልዩነት ካለ አትደንግጡ። እናንተ የምትመሩት በራሳችሁ ቁጥር ነው።

*ካልሆነ፦* አባት ወይም እናት ገቢያቸውን ለልጅ መናገር ካልወደዱ አታስጨንቁ። ገቢውን ማወቅ አያስፈልግም። "በወር ይሄን ያህል እችላለሁ" የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ሜጀር ሳይሆን ሦስት አቅጣጫ ጻፉ

"ምንም አላውቅም" የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ የማይፈልገውን በደንብ ያውቃል። እሱን ሰርዙና ሦስት ሰፋ ያሉ አቅጣጫዎች ጻፉ፦ ጤና፣ ቢዝነስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ማስተማር፣ የመሳሰሉት።

አሁን ከጻፋችኋቸው ውስጥ ቶሎ የሚዘጉትን ለዩ። ነርሲንግ፣ ኢንጂነሪንግና ኮምፒዩተር ሳይንስ በብዙ ዩኒቨርሲቲ ቦታቸው የተወሰነ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላችሁ ማለት ክፍሉ ተቀበላችሁ ማለት አይደለም። ሌላው ችግር ክላሶቹ በቅደም ተከተል የሚወሰዱ መሆናቸው ነው። ካልኩለስ ያልወሰደ ተማሪ የኢንጂነሪንግ ፊዚክስ ውስጥ አይገባም። ከታሪክ ወደ ኢንግሊሽ መቀየር ምናልባት አንድ ሴሚስተር ያስወጣል። ከታሪክ ወደ ኢንጂነሪንግ መቀየር ግን ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ ዝርዝራችሁ ላይ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ፣ ገና ባትወስኑም ሒሳብና ሳይንሱን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራችሁ ያዙ። ከከባዱ ወደ ቀላሉ መውረድ ሁሌም ይቻላል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ መውጣት ነው የሚያስከፍለው።

ደረጃ 3፦ ከስድስት እስከ ስምንት ኮሌጅ ዝርዝር ሥሩ

ቅልቅሉ እንዲህ ይሁን፦

1. የራሳችሁ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሁለት ወይም ሦስት። ያልወሰነ ተማሪ ብዙ ዲፓርትመንት ያለበት ግቢ ይጠቅመዋል። ከቢዝነስ ወደ ፐብሊክ ሄልዝ ቢዞር ኮሌጅ መቀየር የለበትም።
2. ከቤት የምትመላለሱበት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ)፣ አንድ።
3. እርዳታ በደንብ የሚሰጡ የግል ኮሌጆች፣ አንድ ወይም ሁለት። የተለጠፈውን ዋጋ አይታችሁ አትሽሹ፣ ደረጃ 4 ላይ እውነተኛውን ታያላችሁ።
4. ምዕራብ ከሆናችሁ፣ የምዕራብ ስቴቶች የጋራ ፕሮግራም ውስጥ ያለ የጎረቤት ስቴት ኮሌጅ። በዚህ ፕሮግራም የምትከፍሉት ቢበዛ የዚያ ስቴት ነዋሪ ከሚከፍለው 150 በመቶ ነው። ሁሉም ኮሌጅና ሁሉም ሜጀር አይገባበትም፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

*ተጠንቀቁ፦* ስቴት ልትቀይሩ እያሰባችሁ ከሆነ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት አብዛኛው ስቴት ቢያንስ 12 ወር መኖርን ይጠይቃል። ልጁ 12ኛ ክፍል እያለ የሚደረግ ቤት ለውጥ የነዋሪነት መብቱን ሊያሳጣው ይችላል። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት የኮሌጁን የነዋሪነት ቢሮ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

ማስታወቂያ የሚያበዙ፣ ስልክ እየደወሉ "ዛሬውኑ ተመዝገቡ" የሚሉ ለትርፍ የቆሙ ኮሌጆችን ከዝርዝሩ አውጡ። ከእነሱ የተወሰደ ክሬዲት (ክላስ ሲጨረስ የሚያዝ ነጥብ) ሌላ ቦታ አልቀበልም መባሉ የተለመደ ነው። ላልወሰነ ተማሪ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

ደረጃ 4፦ የተለጠፈውን ዋጋ ትታችሁ የተጣራውን አስሉ

ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበሉ ኮሌጆች ድረ ገጻቸው ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ እንዲያኖሩ ሕግ ያስገድዳቸዋል። እንግሊዝኛው "ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር" ነው። የኮሌጁን ስም ከዚህ ቃል ጋር ፈልጉ።

1. ለሁሉም ኮሌጅ ተመሳሳይ የገቢ ቁጥር አስገቡ።
2. ማስያው የየትኛውን ዓመት ዋጋ እንደሚጠቀም ተመልከቱ። ያረጀ ከሆነ ጨምራችሁ ገምቱ።
3. ውጤቱ ላይ ብድር ተቀንሶ ከሆነ መልሳችሁ ደምሩት። ብድር ቅናሽ አይደለም።
4. የተገኘውን ቁጥር ደረጃ 1 ላይ ካወጣችሁት ጋር አስተያዩ።

*ካልሆነ፦* ወላጆች ከተለያዩ ወይም የራሳቸው ሥራ ካላቸው ማስያው ብዙ ይስታል። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ጻፉና ግምት ጠይቁ።

እግረ መንገዳችሁን የትምህርት ሚኒስቴሩን ኮሌጅ ስኮርካርድ ክፈቱ። ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ስንት በመቶው ተማሪ ይመረቃል፣ ሲመረቅ ስንት ዕዳ ይዞ ይወጣል።

ደረጃ 5፦ ሐሳብ መቀየር ስንት እንደሚያስከፍል መርምሩ

ይሄ ደረጃ ነው ሁሉም የሚዘለው። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ አንድ ሰዓት ስጡት። የኮሌጁን ካታሎግ ክፈቱና፣ ያላገኛችሁትን ለአድሚሽን ወይም ለአድቫይዚንግ ቢሮ ጽፋችሁ፣ ለእነዚህ መልስ አግኙ፦

1. ሳይወስኑ መግባት ይቻላል? እስከ መቼ? ላልወሰኑት የተለየ አድቫይዘር አለ? ለምሳሌ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ላልወሰኑ ተማሪዎች ሌተርስ ኤንድ ሳይንስስ የሚባል ራሱን የቻለ ክፍል አለው።
2. ከገባን በኋላ የትኞቹ ሜጀሮች ዝግ ናቸው? "ማመልከት ትችላላችሁ" የሚል መልስ አይበቃም። በየትኞቹ ክላሶች፣ በስንት ጂፒኤ፣ በየትኛው ሴሚስተር?
3. ሜጀሩ ዋጋ ይጨምራል? እዚያው ኮሌጅ ፓርክ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ቢዝነስና ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማሩ የሦስተኛና አራተኛ ዓመት ተማሪዎች ከሌላው የበለጠ ይከፍላሉ።
4. ስኮላርሺፑ ከሜጀር ጋር የታሰረ ነው? ሜጀር ስትቀይሩ ይቀጥላል? ለስንት ሴሚስተር ነው? ስንት ጂፒኤ ይጠይቃል?
5. ክሬዲት ሲበዛ ቅጣት አለ? ፍሎሪዳና ቴክሳስ ውስጥ ከተወሰነ ክሬዲት በላይ የሄደ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተጨማሪ ይከፍላል።
6. ጄኔራል ኤዱኬሽኑ (ሜጀሩ ምንም ይሁን ሁሉም ተማሪ የሚወስዳቸው ክላሶች) ስንት ክሬዲት ነው? አንድ የባችለር ዲግሪ ባብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። ከዚያ ውስጥ ለሁሉም ሜጀር የሚቆጠረው በበዛ ቁጥር ሳትወስኑ ሳትከስሩ የምትቆዩበት ጊዜ ይረዝማል።

ለእያንዳንዱ ኮሌጅ "ቀላል"፣ "መካከለኛ"፣ "ከባድ" ብላችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። "ከባድ" የሆነው ርካሽ ቢሆንም እንኳ ሁለቴ አስቡበት።

ደረጃ 6፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሆነ መውጫውን ከመግቢያው በፊት እወቁ

ብዙ ጊዜ ላልወሰነ ልጅ ከሁሉም የሚቀለው መንገድ ይሄ ነው፦ ሁለት ዓመት ከቤት እየተመላለሱ መማር፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር። "ልጄ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ" ማለት የሚያፍሩ ወላጆች አሉ። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ዩኒቨርሲቲ ስም ነው፣ አትፈሩ።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። የመንግሥት ወጪ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጂ.ኤ.ኦ በ2017 እንዳወጣው፣ ከ2004 እስከ 2009 ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በግምት 43 በመቶ ክሬዲታቸውን አጥተዋል። የማውቀው አንድ ልጅ 58 ክሬዲት ይዞ ተዛወረ። ዩኒቨርሲቲው "58ቱንም ተቀብለናል" የሚል ደብዳቤ ላከ፣ ቤተሰቡም ደስ አለው። በኋላ የዲግሪ ሠንጠረዡ ሲከፈት ለሜጀሩና ለጄኔራል ኤዱኬሽኑ የሚቆጠረው 37 ብቻ ነበር። 21ዱ ክሬዲት "ኢሌክቲቭ" (የምርጫ ክላስ) ከሚል ርዕስ ሥር ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። እናቱ ወረቀቱን እያገላበጠች "ተቀብለናል ብለው የለም እንዴ?" ስትል ትዝ ይለኛል። መቀበል ሌላ ነው፣ ለዲግሪ መቁጠር ሌላ ነው። ሁሌም ሁለተኛውን ጠይቁ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. መድረሻ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ምረጡ። ሜጀር ባይኖራችሁም መድረሻ ይኑራችሁ።
2. በኮሌጁና በዩኒቨርሲቲው መካከል ያለውን የትራንስፈር ስምምነት ፈልጉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለትራንስፈር የተዘጋጀው አሶሺየት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ በካል ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያስገኛል። ሰሜን ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አላቸው። ሌላ ስቴትም ብትሆኑ ተመሳሳይ ነገር መኖሩን ጠይቁ።
3. ትክክለኛውን አሶሺየት ምረጡ። ለመዛወር የሚሆኑት ኤ.ኤ ወይም ኤ.ኤስ የሚባሉት ናቸው። ኤ.ኤ.ኤስ የሚለው ባብዛኛው በቀጥታ ሥራ ለመግባት የተዘጋጀ ነው፣ ብዙ ክላሱ አይዛወርም። የአንዲት ፊደል ልዩነት ነው፣ በደንብ እዩ።
4. ፕሌስመንት ፈተናውን ሳትዘጋጁ አትውሰዱ። ዝቅተኛ ውጤት ማሟያ ክላስ ወይም ኢ.ኤስ.ኤል ውስጥ ያስገባል። እነሱ ይከፈልባቸዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን ለዲግሪ አይቆጠሩም። ሁለት ሳምንት ማጥናት አንድ ሴሚስተር ያድናል።
5. የሒሳቡን መንገድ ጠይቁ። ስታቲስቲክስ ለብዙ ሜጀር ይበቃል። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒዩተር ሳይንስ ዝርዝራችሁ ላይ ካለ ግን ወደ ካልኩለስ የሚወስደውን ያዙ።
6. የእያንዳንዱን ክላስ ሲላበስ አስቀምጡ። ፒዲኤፉን ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን ኢሜይላችሁም ላይ አኑሩ።

*ካልሆነ፦* ዩኒቨርሲቲው ክላሱን ካልቆጠረላችሁ ዝም አትበሉ። ሲላበሱን አያይዛችሁ ለዲፓርትመንቱ የግምገማ ጥያቄ አቅርቡ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ባለመጠየቁ ነው።

ደረጃ 7፦ ፋፍሳን በጊዜ ሙሉ

ፋፍሳ ደረጃ 1 ላይ ያልነው የመንግሥቱ የእርዳታ ፎርም ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ላይ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ መሞላት ይጀምራል። አንዳንድ የስቴትና የኮሌጅ ገንዘብ ቀድሞ ለደረሰ ስለሆነ አታዘግዩ። ፎርሙ ነጻ ነው። ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ ካለ የተሳሳተ ቦታ ገብታችኋል።

1. ተማሪውም ወላጁም የየራሳቸውን አካውንት ይክፈቱ። ለወላጅ የልጁን አካውንት መጠቀም አይቻልም።
2. ስማችሁን ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። የአባትና የልጅ "ላስት ኔም" አይመሳሰልም፣ እሱ ችግር የለውም። ችግሩ አንዱ ወረቀት ላይ የአያት ስም ሲገባ፣ ሌላው ላይ ሲቀር ነው።
3. ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። ልጁ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ የወላጅ ወረቀት እርዳታውን አይከለክለውም።
4. ፎርሙ የታክስ መረጃ ከአይ.አር.ኤስ እንዲያመጣ ፈቃድ ይጠይቃል። ተማሪው ወይም መፍቀድ ያለበት ወላጅ እምቢ ካለ የፌዴራል እርዳታ የለም። ፍቀዱ።
5. ወላጆች ከተለያዩ ፎርሙ ላይ የሚገባው ባለፉት 12 ወራት ልጁን በገንዘብ የበለጠ የደገፈው ነው።

*ካልሆነ፦* ታክሱ የድሮ ስለሆነ አሁን ሥራ የለቀቀ ወይም የታመመ ወላጅ ካለ ፎርሙ አያውቅም። ፎርሙን ካስገባችሁ በኋላ ለኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ማስረጃ አያይዛችሁ ጻፉ። እንግሊዝኛው "ፕሮፌሽናል ጀጅመንት" ይባላል፣ ይሄን ቃል ደብዳቤው ላይ አስገቡት።

ደረጃ 8፦ የእርዳታ ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አድርጉ

ደብዳቤው "የምትከፍሉት 0 ዶላር" ቢላችሁም አትመኑ፣ መስመር በመስመር አንብቡ። ሁለት ደብዳቤ እንውሰድ፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው።

የግል ኮሌጅ፦ ጠቅላላ ወጪ በዓመት 52,000። ስኮላርሺፕ 26,000፣ ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) 4,000፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ የወላጅ ብድር 14,000፣ ወርክ ስተዲ (ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው) 2,500። ድምሩ 52,000፣ ቀሪ ዜሮ።

የስቴት ዩኒቨርሲቲ፦ ጠቅላላ ወጪ 27,000። ፔል ግራንት 4,000፣ የስቴት ግራንት 5,000። ቀሪ 18,000።

አሁን ከግሉ ላይ ብድሩንና ወርክ ስተዲውን አውጡ። በነጻ የተሰጠው 30,000 ብቻ ነው፣ እውነተኛው ዋጋ 22,000 ነው። ዜሮ የተባለው ከስቴቱ በ4,000 ይበልጣል።

ደረጃ 5 ደግሞ እዚህ ይመለሳል። ስኮላርሺፑ ለስምንት ሴሚስተር ብቻ ነው እንበል። ልጁ ሜጀር ቀይሮ አንድ ሴሚስተር ቢጨምር ስኮላርሺፑ የለም፤ ከሴሚስተሩ ወጪ (የ52,000 ግማሽ) 26,000 ላይ 2,000 የፔል ቢቀነስ 24,000 ለአንድ ሴሚስተር ይቀራል። የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ላይ የስቴት ግራንቱ እንኳ ቢቀር 13,500 ሲቀነስ 2,000 የፔል፣ 11,500 ነው። ያልወሰነ ተማሪ ይሄን ስሌት ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መሥራት አለበት።

ለብድሩ ገደብ አድርጉ። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው። በአራት ዓመት 27,000 ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚያስበድር ኮሌጅ፣ በእኔ እምነት፣ ላልወሰነ ልጅ አይሆንም። የወላጅ ብድር በወላጅ ስም የሚቀር ዕዳ ነው፣ ልጁ ሥራ ሲይዝ ወደሱ ስም አይዛወርም።

ፔል ግራንትም ያልቃል። በ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፣ በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ግን ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። በማይቆጠር ክላስ አታባክኑት።

*ካልሆነ፦* የወደዳችሁት ኮሌጅ በጥቂት ሺህ ዶላር ካለፈ የሌላውን ደብዳቤ አያይዛችሁ በጨዋ ቋንቋ እንዲያሻሽሉ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ቁጥራችሁን አታሻሽሉ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ደረጃ 9፦ ተመዝገቡ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በጥንቃቄ ሙሉ

የብዙ ኮሌጅ የመወሰኛ ቀን ሜይ 1 ነው። ዲፖዚት አንድ ቦታ ብቻ ክፈሉ።

ክላስ ስትመርጡ አንድ የኢንግሊሽ ራይቲንግ፣ አንድ ሒሳብ፣ አንድ ሳይንስ ከነላቡ፣ አንድ ደግሞ ከሦስቱ አቅጣጫ የአንዱን መግቢያ ክላስ ያዙ። መግቢያ ክላሱ ጄኔራል ኤዱኬሽንም የሚያሟላ ይሁን፣ ባይጥማችሁ እንኳ አይባክንም። ለእርዳታ ሙሉ ጊዜ የሚባለው 12 ክሬዲት ነው፣ በአራት ዓመት ለመጨረስ ግን በየሴሚስተሩ 15 ያስፈልጋል።

ለሁለተኛው ሴሚስተር ከመመዝገባችሁ በፊት አድቫይዘሩን አግኙ። የሦስቱንም አቅጣጫ የዲግሪ ሠንጠረዥ አስወጡና የወሰዳችሁት የቱ ላይ ስንት እንደሚቆጠር በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ።

*ካልሆነ፦* ክላሱ ከከበዳችሁ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። የ"ድሮፕ" ቀን ሳያልፍ ከወጣችሁ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም፣ ገንዘቡም ሊመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላ "ዊዝድሮው" ነው፤ W ተጽፎ ይቀራል፣ ገንዘቡ ባብዛኛው አይመለስም፣ እንዳልጨረሳችሁትም ይቆጠራል። እርዳታው እንዲቀጥል አብዛኛው ኮሌጅ 2.0 ጂፒኤ እና ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶውን መጨረስ ይጠይቃል። የድሮፕንና የዊዝድሮውን የመጨረሻ ቀኖች ትምህርት በተጀመረበት ሳምንት ስልካችሁ ላይ ሙሉ፣ ከቀኑ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ፣ ከመውጣታችሁ በፊትም ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዳችሁ ከ12 ክሬዲት በታች ብወርድ ስንት ይቀነስብኛል ብላችሁ ጠይቁ።